ስብከት ወይስ ቅሰጣ? አማኝ ሰው ሌላውን ወደ ሃይማኖቱ ለምን ይጠራል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ከአማኑኤል ቤተ ክርስቲያን ወጥተን በእግራችን ወደ አውቶቡስ ተራ ወይም ወደ ሰባተኛ ስንሄድ በመንገድ ላይ ስንት ጊዜ እንደምንጠራ ብንቆጥር ቁጥሩ ያስገርመናል። ባለ ሱቁ «ግቡ፣ ዋጋችን ተስማሚ ነው» ይለናል። ደላላው ክንዳችንን ይዞ ሊወስደን ይሞክራል። የታክሲው ረዳት ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጣራል። ከእነዚህ መካከል ግን ለዕቃ ወይም ለጉዞ የማይጠራን ሰው አለ። ታጥፋ የታተመች ትንሽ ወረቀት በእጃችን አስይዞ ስለ ነፍሳችን መዳን ይጠይቀናል። ትምህርት ቤት ስንገባም ጥሪው አይቀርም። በአንድ የዩኒቨርሲቲ መኝታ ክፍል ውስጥ ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊምና ፕሮቴስታንት አብረው ያድራሉ። አንዱ የጸሎት ስብሰባ ላይ ይጋብዛል፣ ሌላው ስለ እስልምና የተጻፈ መጽሐፍ ያውሳል። እኛም ብንሆን በጥምቀት ወይም በመስቀል በዓል ጓደኞቻችንን «ኑና እዩ» ማለታችን አይቀርም።

በሰንበት ትምህርት ቤታችን ውይይት ላይ ደጋግሞ የሚነሣው ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው። «እነርሱ በሃይማኖታቸው ይኑሩ፣ እኛም በሃይማኖታችን እንኑር፤ ለምን አይተዉንም?» ጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚነሣው በቁጣ ነው። ቁጣውም ምክንያት አለው። አንድ ወጣት ሃይማኖቱን ሲለውጥ እናት ታለቅሳለች፤ በአንድ ገበታ ይቀርቡ የነበሩ ወንድማማቾች ይለያያሉ፤ ሰው ሲሞት እንኳ «የት ይቀበር?» የሚል ክርክር ቤተሰብን ሲከፍል ታይቷል። ስለዚህ ነገሩ ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ የተቆጣ ሰው ነገርን መርምሮ ለመረዳት ይቸገራል፤ ያልተረዳውን ነገር ደግሞ በሚገባ ሊመልስ አይችልም። በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ ሰው ሌላውን ወደ ሃይማኖቱ የሚጠራበትን ምክንያት እንመረምራለን፤ ቀጥለን የአገራችንን ታሪክ እናያለን፤ በመጨረሻም ከእኛ ምን እንደሚጠበቅ እንነጋገራለን።

1ኛ/ አንድ ሥራ፣ ሁለት ስም

በቋንቋችን ለዚህ ሥራ ሁለት ስሞች አሉን። የእኛ ሰው ሌላውን አስተምሮ ሲያስጠምቅ ሥራውን «ስብከት» ወይም «ሐዋርያዊ አገልግሎት» እንለዋለን። የሌላው ሰው የእኛን ልጅ አስተምሮ ሲወስድ ግን «ቅሰጣ» ወይም «ማስኮብለል» እንለዋለን። አባቶቻችን «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ጭምር ይሆናል። ሙስሊሞችም የራሳቸውን ጥሪ «ዳዕዋ» ይሉታል፤ ፕሮቴስታንቶችም «ወንጌል ስርጭት» ይሉታል። ሁሉም ለራሱ ያማረውን ስም ይዟል።

ይህን የምንለው በሃይማኖቶች መካከል ልዩነት የለም ለማለት አይደለም። ልዩነቱ አለ፤ እኛም የተዋሕዶ ሃይማኖታችን እውነት እንደ ሆነች እናምናለን። ነገር ግን የሌላውን ሰው ልብ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ ያንኑ ነገር ራሱ ሲሠራ ልቡ ውስጥ ምን እንዳለ መጠየቅ አለበት። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት የገባው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ሳይሆን ከጢሮስ የመጣ እንግዳ ሆኖ ነው። የጥንቱ ታሪክ ጸሐፊ ሩፊኖስ እንደሚነግረን ፍሬምናጦስ አስቀድሞ ወደ አገሪቱ ለንግድ የሚመጡትን ክርስቲያኖች ፈልጎ የጸሎት ቦታ እንዲኖራቸው አደረገ። ከዚያ በኋላ ወደ እስክንድርያ ሄዶ ለአገሪቱ ጳጳስ እንዲሰጣት ሲለምን፣ ቅዱስ አትናቴዎስ ራሱን ጳጳስ አድርጎ በ4ኛው መቶ ዓመት መልሶ ላከው። እንግዲህ ወንጌል በአገራችን የተስፋፋችው በነጋዴዎች መካከል በጀመረ የአንድ እንግዳ ሰው ጥሪ ነው። በነጋዴዎች መካከል ለምንኖር ለእኛ ለመርካቶ ልጆች ይህ ታሪክ ሩቅ አይመስለንም። በዚያን ዘመን «እያንዳንዱ በያዘው ይኑር» ተብሎ ቢሆን ኖሮ እኛም ዛሬ በዚህ ስም አንጠራም ነበር።

2ኛ/ አማኝ ሰው የሚጠራበት ምክንያት

ሀ/ እውነት ለሁሉ ነው ብሎ ስለሚያምን። ሃይማኖቶች ሁሉ ሰውን አይጠሩም። የአይሁድ እምነት በአብዛኛው ሌላውን ሕዝብ አምጥቶ ለማስገባት አይደክምም፤ ምክንያቱም ቃል ኪዳኑን ከአንድ ሕዝብ ጋር የተያያዘ አድርጎ ያየዋል። በሕንድ የሚኖሩት ፓርሲዎችና በሊባኖስና በሶርያ የሚኖሩት ድሩዞችም እንዲሁ ሌላውን አይጠሩም። ክርስትናና እስልምና ግን ትምህርታቸው ለሰው ልጅ ሁሉ እንደ ሆነ ይናገራሉ። እውነት ለሁሉ ነው የሚል ሰው ዝም ቢል ንግግሩና ኑሮው ይጣላሉ። ስለዚህ የሚጠራን ሰው ሁሉ ንቀት አድሮበት ነው ማለት አይቻልም። እንዲያውም በአንድ በኩል ሲታይ ያከብረናል፤ ከሁሉ የበለጠ ለሚለው ነገር እኛንም የምንገባ አድርጎ ቆጥሮናልና።

ለ/ ታዝዣለሁ ብሎ ስለሚያምን። ጌታችን ከትንሣኤው በኋላ ደቀ መዛሙርቱን ወደ አሕዛብ ሁሉ እንደ ላካቸው በማቴዎስ ወንጌል መጨረሻ ተጽፏል (ማቴ. 28፥19-20)። ቅዱስ ጳውሎስም ወንጌልን ባይሰብክ ወዮታ እንዳለበት ይናገራል (1ኛ ቆሮ. 9፥16)። ሙስሊሞችም በቁርኣን ሱረቱ አን-ነሕል (16፥125) ሰውን በጥበብና በመልካም ምክር እንዲጠሩ ታዝዘናል ይላሉ። እንዲህ የሚያምን ሰው ቢተወን እኛን ያስደሰተ ይመስለዋል እንጂ አምላኩን ያስደሰተ አይመስለውም። የአስተማሪውን ትእዛዝ የሚፈጽም ተማሪን «ለምን ትታዘዛለህ?» ብለን ብንቆጣው ምን ይመልስልናል?

ሐ/ ያገኘው ነገር ስላስደሰተው። እንድርያስ ጌታን ባገኘው ጊዜ አስቀድሞ ወንድሙን ስምዖንን ፈልጎ አመጣው። ፊልጶስም ናትናኤልን ጠራው (ዮሐ. 1፥41-46)። ሳምራዊቷ ሴት እንስራዋን ትታ ወደ ከተማ ሮጠች (ዮሐ. 4፥28-29)። እነዚህ ሰዎች ገና ስብከትን አልተማሩም፤ ደስታው ግን በልባቸው ሊታፈን አልቻለም። በእኛ ሰፈር እናቶቻችን ሸማ ተራ ወይም በርበሬ ተራ ሄደው ጥሩ ዕቃ በደህና ዋጋ ካገኙ ለጎረቤት ሳይነግሩ አያድሩም። ማንም የድለላ አይከፍላቸውም፤ የሚነግሩት ጎረቤታቸውን ስለሚወዱ ነው። ሃይማኖቱን በቅርብ የለወጠ ወጣት ከሁሉ አብልጦ የሚናገረው በዚህ ምክንያት ነው።

መ/ ስለሚፈራልን። ነቢዩ ሕዝቅኤል ሰይፍ ሲመጣ አይቶ መለከት ያልነፋ ጉበኛ የሰውየው ደም ከእጁ እንደሚፈለግ ይናገራል (ሕዝ. 33፥6)። አንድ ሰው ጓደኛው ወደ ገደል እየሄደ እንደ ሆነ በእርግጥ ካመነ፣ ዝም ማለቱ ጨዋነት ሳይሆን ጭካኔ ይሆንበታል። ገደሉ እርሱ ባመለከተው በኩል ላይኖር ይችላል፤ ፍርሃቱ ግን እውነተኛ ነው። የመኝታ ክፍል ጓደኛችን ሌሊት ስለ እኛ እያለቀሰ ቢጸልይ፣ በትምህርቱ ባንስማማም እንኳ እንባው ከጥላቻ እንዳልመጣ ማወቅ ይገባናል።

ሠ/ ራሱን ለማጽናት። እስካሁን ያየናቸው ምክንያቶች የከበሩ ናቸው። ከዚህ ቀጥሎ የሚመጡት ግን ጥንቃቄ ያሻቸዋል። አንዳንድ ጊዜ ሰው ሌላውን የሚጠራው በራሱ ልብ ውስጥ ያለውን ጥርጣሬ ለማፈን ነው። «ይህን ያህል ሰው ካመነ እውነት መሆን አለበት» ብሎ በቁጥር ይጽናናል። ሊዮን ፌስቲንገር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ዓለም በጎርፍ ትጠፋለች ብለው የጠበቁ ጥቂት ሰዎች ቀኑ አልፎ ምንም ሳይሆን ሲቀር እምነታቸውን ከመተው ይልቅ ሌሎችን ለማሳመን እንደ ተነሡ ጽፏል። ጥናቱ በኋላ ዘመን ከባድ ትችት ደርሶበታል፤ ሆኖም ያነሣው ጥያቄ ለእያንዳንዳችን ጠቃሚ ነው። ጓደኛችንን የምንከራከረው ለእርሱ አስበን ነው ወይስ በእኛ ልብ ውስጥ ያለውን ጥያቄ ድምፅ ለመሸፈን?

ረ/ ለቁጥርና ለጥቅም። በመጨረሻም ወገኑ እንዲበዛ፣ ስሙ እንዲገን ወይም ኃይል እንዲያገኝ የሚጠራ አለ። የተራበውን «ከእኛ ጋር ከሆንክ እንረዳሃለን» የሚል፣ የታመመውን በሕመሙ ጊዜ የሚያስጨንቅ፣ ሥራ ፈላጊውን በሥራ የሚያባብል ከዚህ ወገን ነው። ጌታችን አንድ ሰው ወደ ሃይማኖታቸው ለማግባት በባሕርና በየብስ የሚዞሩትን ጻፎችና ፈሪሳውያን አጥብቆ ገሥጿል (ማቴ. 23፥15)። ልብ እንበል፤ ደቀ መዛሙርቱን ወደ ዓለም የላከው ጌታ ራሱ ነው ይህን ተግሣጽ የተናገረው። ስለዚህ መጥራት ሁሉ መልካም አይደለም፤ መጥራት ሁሉ ክፉም አይደለም።

እዚህ ላይ መርካቶ ራሷ ታስተምረናለች። ጥሩ ዕቃ ያገኘች ጎረቤትና ደላላ ሁለቱም «ና ላሳይህ» ይላሉ፤ ቃላቸው አንድ ነው። ልዩነቱ የሚታወቀው «አይ፣ አልፈልግም» ባልናቸው ጊዜ ነው። ጎረቤቲቱ «እንደ ፈቀድክ» ብላ ቡናዋን ታፈላልናለች። ደላላው ግን የሚያገኘው ስለቀረበት ፊቱን ያዞርብናል። እንግዲህ የሃይማኖት ጥሪም መለያው እንቢ ካልን በኋላ የሚሆነው ነው።

3ኛ/ የአገራችን ታሪክ ምን ይመሰክራል?

ይህን መለያ ይዘን ታሪካችንን ብንመረምር ለሁሉም ወገን የሚሆን ትምህርት እናገኛለን።

በመጀመሪያ የምናገኘው መልካሙን ነው። እ.ኤ.አ. በ615 አካባቢ የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች ከመካ ስደት ሸሽተው ወደ አክሱም በመጡ ጊዜ ክርስቲያኑ ንጉሥ ተቀብሎ አስጠጋቸው፤ ለአሳዳጆቻቸውም አሳልፎ አልሰጣቸውም። «ለመጠጊያችሁ ዋጋ ተጠመቁ» አላላቸውም። የጥንት የእስልምና ታሪክ ጸሐፊዎች ከስደተኞቹ አንዱ ዑበይዱላህ ቢን ጀሕሽ በዚሁ አገር ክርስቲያን እንደ ሆነ ይተርካሉ። በሙስሊሞች ትውፊት ደግሞ ንጉሡ ራሱ እስልምናን እንደ ተቀበለ ይነገራል፤ ክርስቲያኖች ይህን አይቀበሉም። ትውፊቶቹ ቢለያዩም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ በዚያ ማዕድ ላይ ማንም ማንንም አላስገደደም።

ከዚያ በኋላ መራራው ዘመን መጣ። እ.ኤ.አ. በ1529 ከሽምብራ ኩሬ ጦርነት በኋላ የኢማም አሕመድ ኢብራሂም (ግራኝ አሕመድ) ሠራዊት በደጋው አገር ሲዘምት ብዙ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ተቃጠሉ፤ ብዙ ክርስቲያኖችም ሰይፍ ፈርተው ሃይማኖታቸውን ለወጡ። ኢማሙ እ.ኤ.አ. በ1543 ከሞተ በኋላ ግን ከእነዚህ ብዙዎቹ ተመለሱ። በዚያው ዘመን የደብረ ሊባኖስ እጨጌ የነበሩት አባ እንባቆም የተወለዱት በየመን ነው፤ በእስልምና አድገው በኢትዮጵያ ክርስቲያን የሆኑ ሰው ናቸው። ገዳማቸው በተቃጠለበት ዘመን ብዕር አንሥተው «አንቀጸ አሚን» የተባለውን መጽሐፍ በግዕዝ ጻፉ። የጻፉትም ለራሱ ለኢማሙ ነው፤ ቁርኣንን ያውቁ ስለ ነበር ከቁርኣን እየጠቀሱ ይከራከሩታል። አንድ ሰው ገዳሙን ላቃጠለበት ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ ልናስተውለው ይገባል። ጠላቱ በነገር ሊረታ የሚችል፣ ልብና አእምሮ ያለው ሰው እንደ ሆነ አምኗል ማለት ነው።

ቀጥሎ የኢየሱሳውያን ታሪክ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1603 የመጣው እስፓኛዊው ጴድሮ ፓኤዝ ግዕዝና አማርኛ አጥንቶ፣ ከሊቃውንቱ ጋር በትዕግሥት ተከራክሮ በቤተ መንግሥቱ ተወደደ። አፄ ሱስንዮስም እ.ኤ.አ. በ1622 የሮምን ሃይማኖት በይፋ ተቀበለ። ፓኤዝ በዚያው ዓመት ሞተ። እ.ኤ.አ. በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን መንገዱን በትእዛዝ አደረገው። ካህናቱ እንደገና እንዲካኑ፣ ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ አጿማትና በዓላት በሮም ሥርዓት እንዲሆኑ ታዘዘ። አገር በአገር ላይ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1632 በወይና ደጋ ብዙ ሺህ ሰው ካለቀ በኋላ ንጉሡ ራሱ የአባቶችን ሃይማኖት መልሶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። ሚሲዮናውያኑም ተባረሩ። ሁለቱ ሰዎች የአንድ ማኅበር ልጆች ነበሩ፤ አንድ ሃይማኖት ሰበኩ። የመጀመሪያው በዓመታት ትዕግሥት ያገኘውን ሁለተኛው በጥቂት ዓመታት ትእዛዝ አጠፋው።

የሌላውን በደል ብቻ ቆጥረን ብናቆም ግን ሚዛናችን ሐሰተኛ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1878 አፄ ዮሐንስ 4ኛ በወሎ ቦሩ ሜዳ ጉባኤ አድርገው የክርስቲያኖቹን የትምህርት ክርክር ከፈጸሙ በኋላ ፊታቸውን ወደ ሙስሊሞች መለሱ። የሙስሊም ሹማምንት ወይ እንዲጠመቁ፣ ወይም ሹመታቸውን እንዲለቁ ታዘዘ፤ ለሕዝቡም የጊዜ ገደብ ተሰጠው። መሐመድ ዓሊ ተጠምቆ ሚካኤል ተባለ፤ በኋላም ንጉሥ ሚካኤል ሆነ። ሌሎች ግን አገር ለቀው ተሰደዱ፤ ሼህ ጦልሃ ቢን ጃፍርን የመሳሰሉት ዐመፁ፤ ብዙዎችም በቀን ክርስቲያን፣ በሌሊት ሙስሊም ሆነው ኖሩ። የንጉሡ አሳብ አገርን በአንድ ሃይማኖት አንድ ማድረግ ነበር። ወሎ ግን ዛሬም ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተዋልዶ የሚኖርባት አገር ናት። ውኃው በግድ ፈሰሰ፤ ልብን ግን አላጠበም።

በኋላ ዘመን መንግሥት ችግሩን በሌላ መንገድ ለመፍታት ሞከረ። በ1936 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1944) ስለ ሚሲዮኖች በወጣው ድንጋጌ ቁጥር 3 አገሪቱ በሁለት ተከፈለች። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ በተባለው ሚሲዮኖች ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ሊከፍቱ ይችሉ ነበር እንጂ የራሳቸውን ሃይማኖት እንዲሰብኩ አልተፈቀደላቸውም። ክፍት በተባለው አካባቢ ግን መስበክ ተፈቀደላቸው፤ አዲስ አበባም ክፍት ተብላ ነበር። ድንጋጌው ለጊዜው ግጭትን ለመከላከል አስቦ ይሆናል፤ ሃይማኖት ግን በካርታ አይታጠርም። ዛሬ በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 ማንኛውም ሰው የፈለገውን ሃይማኖት የመያዝና የማስተማር ነጻነት እንዳለው፣ ማንም በእምነቱ እንደማይገደድ ይደነግጋል። እንግዲህ አጥሩ በአገር መካከል መቆሙ ቀርቶ በእያንዳንዱ ሰው ልብ ደጃፍ ላይ ሆኗል፤ በሩንም መክፈትና መዝጋት የሚችለው ባለቤቱ ብቻ ነው።

4ኛ/ የፊልጶስ መንገድ

እንግዲህ ትክክለኛው ጥሪ ምን ይመስላል? መልሱን ለማግኘት ከአገራችን ሰው ታሪክ የተሻለ ምሳሌ የለንም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 (ከቁጥር 26 እስከ 39) የኢትዮጵያ ንግሥት የሕንደኬ ጃንደረባ በጋዛ መንገድ ላይ ከፊልጶስ ጋር እንደ ተገናኘ ይተርካል። ታሪኩን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን፤ አሁን ግን የፊልጶስን አካሄድ ብቻ ደረጃ በደረጃ እንመልከት።

መጀመሪያ ቀረበና አዳመጠ፤ ሰውየው ምን እያነበበ እንዳለ ሳይሰማ አፉን አልከፈተም። ሁለተኛ ጠየቀ፤ የሚያነበውን ያስተውለው እንደ ሆነ ጠየቀው እንጂ አላዋቂ ብሎ አልዘለፈውም። ሦስተኛ ተጋብዞ ወጣ፤ ወደ ሰረገላው የገባው ጃንደረባው ከእርሱ ጋር እንዲቀመጥ ስለ ለመነው ነው። አራተኛ ሰውየው ካለበት ቦታ ጀመረ፤ ከያዘው ከነቢዩ ኢሳይያስ መጽሐፍ ተነሣ። አምስተኛ ጥምቀትን የጠየቀው ጃንደረባው ራሱ ነው፤ ውኃውን ያየውም እርሱ ነው። በመጨረሻም ፊልጶስ ከዓይኑ ተሰወረ፤ ጃንደረባውም ደስ እያለው ወደ አገሩ ሄደ። ሰባኪው ስሙን አላስጠራም፣ ቁጥር አልመዘገበም፣ ውለታ አልጠየቀም። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» እንደሚባለው፣ ፊልጶስ እስከ ውኃው ዳር አደረሰው፤ የማመኑ ሥራ ግን የጃንደረባው የራሱ ነበር።

የሳምራውያን መንደር ጌታን አልቀበልም ባለች ጊዜስ ምን ሆነ? ያዕቆብና ዮሐንስ እሳት ከሰማይ ወርዶ እንዲበላት ፈለጉ። ጌታ ግን ዞሮ ገሠጻቸው፤ ወደ ሌላም መንደር ሄዱ (ሉቃ. 9፥52-56)። እንቢ የተባለ ሰው እንዴት መሆን እንዳለበት ከዚህ የበለጠ ግልጽ ትምህርት የለም። ሙስሊም ጓደኞቻችንም በሃይማኖት ማስገደድ እንደሌለ ከቁርኣን (2፥256) ይጠቅሳሉ። በዚህ ነጥብ ላይ ከእነርሱ ጋር መነጋገር እንችላለን።

5ኛ/ እኛስ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ የሚጠራንን ሰው አንስደበው። የሚያስገድድ፣ የሚያባብል ወይም ሃይማኖታችንን የሚያንቋሽሽ ከሆነ በጨዋነት «አልፈልግም» ብለን እንለፍ። በቅን ልብ የሚናገረንን ግን እንደ ሰው እንመልስለት። ሐዋርያው ጴጥሮስ ስለ ተስፋችን ለሚጠይቁን ሁሉ መልስ ለመስጠት እንድንዘጋጅ፣ ይህንንም በየዋህነትና በአክብሮት እንድናደርግ ያዝዘናል (1ኛ ጴጥ. 3፥15)። ስድብ መልስ ያጣ ሰው መልስ ነው።

ሁለተኛ፣ ሃይማኖታችንን እንማር። ብዙ ወጣት ከቤተ ክርስቲያን የሚወጣው የሌላው ትምህርት ስለ በለጠበት ብቻ አይደለም፤ የራሱን ስላልተማረ ጭምር ነው። «ለምን ትጾማለህ?» ሲባል «እናቴ ስለምትጾም» ከማለት በቀር የሚመልሰው ያጣ ወጣት አለ። አንዳንዱም ጥያቄ ይዞ መጥቶ የሚሰማው ያጣ ነው። ጥያቄ የሚጠይቅን ልጅ «መናፍቅ» ብለን ብናሳፍረው ወደሚሰማው ሄዶ ይጠይቃል። ሰንበት ትምህርት ቤት ጥያቄ የሚፈራበት ቤት እንዳይሆን እንጠንቀቅ። ያልገባንን ወደ ካህናት አባቶችና ወደ መምህራን እናቅርብ።

ሦስተኛ፣ የሄደውን አንቁረጠው። ወንድማችን ወይም እኅታችን ሌላ ሃይማኖት ቢይዙ ማዘን ተገቢ ነው። ሰላምታ መንፈግ፣ ከለቅሶና ከሠርግ መለየት፣ ከቤት ማባረር ግን ከዚህ ይለያል። ይህን ብናደርግ «እነዚያ ወደዱኝ፤ እነዚህ ጠሉኝ» ለሚለው ምስክሮች እንሆንበታለን። የጠፋው ልጅ አባት ልጁ ገና ሩቅ ሳለ አይቶታል (ሉቃ. 15፥20)። ሩቅ ሳለ ያየው መንገዱን ይመለከት ስለ ነበር ነው።

አራተኛ፣ ጎረቤትነትን እንጠብቅ። በመርካቶ የታላቁ አንዋር መስጊድና የቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ቆመው አዛኑና ቅዳሴው በአንድ አየር ላይ ይሰማሉ። በሰፈራችን ለቅሶና ሠርግ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንዱ የሌላውን ሥጋ አይበላም፤ ስለዚህ ደጋሹ ለእንግዶቹ ለየብቻ አሳርዶ፣ ለየብቻ አሠርቶ ያቀርባል። ይህ ልማድ ሊናቅ አይገባውም። ልዩነቱን አልደበቀም፤ ልዩነቱንም ለመለያየት ምክንያት አላደረገውም። እንግዳው እምነቱን ሳይለቅ ጠግቦ እንዲሄድ ባለቤቱ ይደክማል። የሃይማኖት ንግግራችንም እንደዚህ ድግስ ቢሆን መልካም ነበር።

አምስተኛ፣ እኛም ስንጠራ በዚያው ሚዛን እንመዘን። ጓደኛችንን ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንጋብዝ እንቢ ቢለን ጓደኝነታችን ይቀጥላል ወይስ ይቆማል? የሚቆም ከሆነ ጓደኝነቱ ወጥመድ ነበር ማለት ነው። የሚቀጥል ከሆነ ግን ፍቅር ነበር፤ ፍቅርም ባይሳካለት አያፍርም።

ማጠቃለያ

የቤተ ክርስቲያናችን ስም አማኑኤል ነው፤ ትርጓሜውም እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ማለት ነው። የማቴዎስ ወንጌል በመጀመሪያው ምዕራፍ ይህን ስም ይነግረናል (1፥23)። በመጨረሻው ምዕራፍ ደግሞ ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ወደ አሕዛብ ሲልክ እስከ ዓለም ፍጻሜ ከእነርሱ ጋር እንደሚሆን ተስፋ ይሰጣቸዋል። ወንጌላዊው መጽሐፉን በአማኑኤል ጀምሮ በአማኑኤል ፈጸመው ማለት ነው። መላኩና ስሙ ተያይዘዋል። እግዚአብሔር ከእኔ ጋር ነው ብሎ በእውነት የሚያምን ሰው ቁጥሩ ስላነሰ አይሸበርም፤ ሌላው ስለ ጠራው አይደነግጥም፤ እንቢ ስለ ተባለም አይቆጣም። ሰይፍ የሚመዝ፣ እንጀራ ይዞ የሚደልል፣ ስድብ የሚወረውር ሰው ይህን ስም በአፉ ቢጠራም በልቡ ብቻውን እንደ ቀረ ሰው ነው የሚሠራው።

ስለዚህ ነገ በመንገዳችን ላይ አንድ ሰው ወረቀት ሲያስይዘን ምን ልብ እንዳለው አስቀድመን አንፍረድበት። ትእዛዝ፣ ደስታ ወይም ስለ እኛ ያደረበት ፍርሃት ይዞት ይሆናል። በሃይማኖታችን ጸንተን፣ በፊታችን ፈገግታ፣ በአፋችን እውነት ይዘን እንመልስለት።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ከላይ ከተዘረዘሩት ስድስት ምክንያቶች እኛ ጓደኞቻችንን ስንጋብዝ በአብዛኛው የሚገፋፋን የትኛው ነው?
2. የአባ እንባቆም ብዕርና የቦሩ ሜዳው ትእዛዝ በምን ይለያያሉ? የትኛው ፍሬ ቆየ?
3. በቤተሰባችሁ ወይም በሰፈራችሁ ሃይማኖቱን የለወጠ ሰው ቢኖር በሚቀጥለው በዓል እንዴት ትቀበሉታላችሁ?
4. ፊልጶስ ሳይጋበዝ ወደ ሰረገላው ዘሎ ቢገባ ኖሮ ጃንደረባው ምን የሚያደርግ ይመስላችኋል?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር